መጽሐፉን ጨረስኩ፤ ከዚያስ? ከመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ወደ ራስ ፕሮግራም

የመጨረሻውን ምዕራፍ ዘግታችኋል። ልምምዶቹንም ሠርታችኋል። ቫሪያብል ምን እንደሆነ፣ ሉፕ እንዴት እንደሚዞር፣ ፈንክሽን እንዴት እንደሚጻፍ ብትጠየቁ ትመልሳላችሁ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ "በቃ፣ አሁን የራሴን ነገር ልሥራ" ብላችሁ ላፕቶፑን ትከፍታላችሁ። ባዶ ፋይል ይመጣል። የመጀመሪያዋ መስመር ግን አልመጣ ትላለች።

እኔም እዚህ ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። ያኔ የመሰለኝ ገና በቅጡ እንዳልተማርኩ ነው። ስለዚህ ሌላ የጀማሪ መጽሐፍ ያዝኩና እሱንም ጨረስኩ። ስለ ሊስትና ስለ ሉፕ የነገረኝ ያው የመጀመሪያው የነገረኝን ነው። ተመልሼ ስመጣ ባዶው ፋይል እዚያው ነበር።

የጎደለኝ እውቀት እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። መጽሐፍ ሦስት ነገሮችን ወስኖልን ይመጣል። ምን እንደሚሠራ ይነግረናል። በምን እንደሚሠራም እናውቃለን፤ ምዕራፉ ስለ ሉፕ ከሆነ መልሱ ሉፕ ነው። መቼ እንዳለቀም ይነግረናል። የራሳችንን ፕሮግራም ስንጀምር ሦስቱንም የምንወስነው እኛ ነን። ይሄ ለብቻው የሚለመድ ችሎታ ነው፤ ሁለተኛ የጀማሪ መጽሐፍ አያስተምረውም። የሚከተሉት እርምጃዎች እሱን ለማስለመድ የታሰቡ ናቸው። ምሳሌዎቹ በፓይተን ናቸው፤ አካሄዱ ግን ጃቫስክሪፕት ለተማረም ያገለግላል።

እርምጃ 1፦ አንዱን ምሳሌ መጽሐፉን ዘግታችሁ ጻፉ

ከመጽሐፉ ውስጥ የወደዳችሁትን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ምረጡ። ብዙ መጻሕፍት ላይ ቁጥር የማስገመት ጨዋታ አለ፤ ኮምፒውተሩ ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር ይይዛል፣ ተጫዋቹ ይገምታል፣ ኮምፒውተሩ "ከፍ አድርግ" ወይም "ዝቅ አድርግ" ይላል። እሱን ውሰዱ። መጽሐፉን ዝጉና ከባዶ ጀምራችሁ ጻፉት።

መንገድ ላይ ትጠፋላችሁ። ስትጠፉ ወዲያው መጽሐፉን አትክፈቱ፤ 15 ደቂቃ ያህል ታገሉ። ካልሆነ ክፈቱት፣ የጠፋችሁን አንብቡ፣ መልሳችሁ ዝጉትና በራሳችሁ እጅ ጻፉ። ኮፒ ፔስት የለም።

ሲሠራ ሚናውን ገልብጡት። አሁን ቁጥሩን የምትይዙት እናንተ ናችሁ፣ የሚገምተው ኮምፒውተሩ ነው። መጽሐፉ ይህን ብዙውን ጊዜ አያሳይም፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ከ1 ጀምሮ ተራ በተራ ቢጠይቅ እስከ 100 ጊዜ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሁልጊዜ ከቀረው መሃል ላይ ያለውን ቁጥር ቢጠይቅ ግን ከ7 ግምት አይበልጥም። እስከ 1,000 ቢሆን 10 ይበቃዋል፤ እስከ 1,000,000 ቢሆን 20። ይህን ስትጽፉ ሳታውቁት ባይነሪ ሰርች የሚባለውን አልጎሪዝም ጻፋችሁ ማለት ነው። ስሙን በኋላ ሌላ ቦታ ስታገኙት የሚያስፈራ ነገር አይሆንባችሁም።

እርምጃ 2፦ የምትሠሩትን ምረጡ፣ ከዚያ አሳንሱት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የሚያስበው አንድ ትልቅ አፕ ነው፤ አካውንት ያለው፣ ፎቶ የሚጫንበት፣ ቻት ያለበት። ሁለት ሳምንት ይሠራና ይተወዋል።

እኔ የምመክረው ሦስት መለኪያ ነው። አንደኛ፣ ራሳችሁ የምትጠቀሙበት ይሁን። ሁለተኛ፣ የሚሠራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የምትችሉት ይሁን። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ደካማ ቅጂ በሁለት ቀን ሥራ ያልቅ።

ለምሳሌ መጽሐፍ የምታውሱ ሰዎች ከሆናችሁ የውሰት መዝገብ ሥሩ። ዓረፍተ ነገሩ ይህ ነው፦ "ለማን የትኛውን መጽሐፍ መቼ እንዳዋስኩ ይመዘግባል፣ ስጠይቀውም ያሳየኛል።" አለቀ። ማስታወሻ መላክ፣ የሽፋን ፎቶ፣ የስልክ አፕ፣ እነዚህ ሁሉ ሐሳቦች መምጣታቸው አይቀርም። ስትሠሩ ሲመጡባችሁ "በኋላ" የሚል የጽሑፍ ፋይል ክፈቱና እዚያ ጻፏቸው። ሐሳቡ አይጠፋም፤ እናንተም ከመንገዳችሁ አትወጡም።

እርምጃ 3፦ ከኮዱ በፊት በአማርኛ ጻፉት

ባዶውን ፋይል ለማሸነፍ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። ፕሮግራሙ የሚያደርገውን ለሰው እንደምትነግሩ አድርጋችሁ በኮሜንት መልክ፣ በየመስመሩ ጻፉ፦

የተቀመጠውን መዝገብ ከፋይል አንብብ።
ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ጠይቅ፦ መመዝገብ፣ ማየት፣ መመለስ፣ መውጣት።
መመዝገብ ካለ፣ የመጽሐፉንና የተዋሹን ስም ተቀብል፣ የዛሬን ቀን ጨምርበት።
መዝገቡን ወደ ፋይል መልሰህ ጻፍ።
እስኪወጣ ድረስ ደግመህ ጠይቅ።

አሁን ፋይሉ ባዶ አይደለም። እያንዳንዱ መስመር ስር ኮዱን ማስገባት ነው የቀረው። "ደግመህ ጠይቅ" የሚለው ዋይል ሉፕ ነው። "ካለ" የሚለው ኢፍ ነው። አንዱ ውሰት ዲክሽነሪ፣ መዝገቡ ደግሞ የዲክሽነሪዎች ሊስት ነው። መጽሐፉ ያስተማራችሁ ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ታያላችሁ።

ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል መጻፍ ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ውሰቶችን ኮዱ ውስጥ በእጃችሁ ጽፋችሁ "ማየት" የሚለውን ብቻ አሠሩ። ስክሪኑ ላይ ሲመጡ ቀጣዩን ጨምሩ። በየአምስቱ ወይም በየአሥሩ መስመር አሂዱት። መቶ መስመር ጽፎ በአንዴ ማሄድ ስህተቱን ድርቆሽ ውስጥ እንደ ወደቀ መርፌ ያደርገዋል። አምስት መስመር ጨምራችሁ ከተበላሸ ግን ጥፋቱ ከአምስቱ አንዱ ጋ ነው።

እርምጃ 4፦ ዳታው እንዳይጠፋ አድርጉ

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም የመጽሐፍ ልምምድና እውነተኛ ፕሮግራም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የመጽሐፉ ምሳሌ ሲዘጋ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ማንም አይከፋም። የእናንተ መዝገብ ግን ነገም መኖር አለበት።

ለጀማሪ የሚቀለው ዳታውን በጄሰን ፋይል፣ ማለትም ሊስትና ዲክሽነሪን በጽሑፍ መልክ በሚይዝ ፋይል፣ ማስቀመጥ ነው። ፓይተን ጄሰን የሚባለውን ሞጁል ይዞ ነው የሚመጣው፤ ምንም መጫን አያስፈልግም። ሦስት ጉድጓዶች ግን አሉበት። ሦስቱም ውስጥ ገብቻለሁ።

የመጀመሪያው፣ ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄድ ፋይሉ ገና የለም። ልክፈተው ሲል ፋይል ኖት ፋውንድ ኤረር ይላል። ይህን በትራይና በኤክሴፕት ያዙትና ፋይሉ ከሌለ በባዶ ሊስት ይጀምር።

ሁለተኛው የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ስም በአማርኛ አስገብታችሁ ፋይሉን ስትከፍቱት ፊደሎቹ የሉም፤ በምትካቸው ጭረትና ቁጥር ተደርድሯል። አትደንግጡ፣ ዳታው አልተበላሸም። የፓይተን ጄሰን ካልነገራችሁት በቀር ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ስብስብ) ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ በኮድ ነው የሚጽፈው። ኢንሹር አስኪ (ensure_ascii) የሚለውን አማራጭ ፎልስ አድርጉት። ፋይሉንም ስትከፍቱ፣ ለማንበብም ለመጻፍም፣ ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበትን መንገድ) ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ ግለጹ። ካልገለጻችሁት አንዱ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሌላው ላይ ሊበላሽ ይችላል። በነገራችን ላይ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። የፋይሉ መጠን ከፊደሎቹ ቁጥር ቢበልጥባችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። የራሴን መዝገብ ስሠራ የውሰቱን ቀን እንደ ዴት ኦብጀክት አስቀምጬ ነበር። ወደ ፋይል ልጻፍ ሲል ታይፕ ኤረር መጣ፤ ጄሰን ዴት የሚባል ዓይነት አያውቅም። ደህና፣ አስተካክለዋለሁ ብዬ ቀኑን ወደ ጽሑፍ ለወጥኩት። ፕሮግራሙን መልሼ ሳሄደው ግን ሌላ ስህተት፦ ጄሰን ዲኮድ ኤረር። ፋይሉን ከፈትኩት። መዝገቡ የመጀመሪያው ቀን ጋ ሲደርስ ተቆርጦ ቀርቷል። ከዚያ በታች የነበረው ውሰት ሁሉ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋይልን ለመጻፍ ብላችሁ ስትከፍቱት የነበረው ይዘት በዚያችው ቅጽበት ይሰረዛል። አዲሱን እየጻፈ መሃል ላይ ስህተት ከመጣ አሮጌው ጠፍቷል፣ አዲሱም አላለቀም። መፍትሔው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ጠቅላላ መዝገቡን ጄሰን ዳምፕስ (json.dumps) በሚባለው ፈንክሽን ወደ ጽሑፍ ቀይሩት። ስህተት ካለ እዚህ ይወጣል፣ ፋይሉ ገና አልተነካም። ከተሳካ ብቻ ፋይሉን ክፈቱና ጻፉ። የበለጠ መጠንቀቅ ከፈለጋችሁ በሌላ ስም ጻፉትና ሲያልቅ በአሮጌው ቦታ ተኩት።

ይህን ማንም መጽሐፍ ላይ ቢነግረኝ ኖሮ አንብቤ አልፈው ነበር። ዳታዬን ካጣሁ በኋላ ግን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

እርምጃ 5፦ ስህተትን ከታች ወደ ላይ አንብቡ

ቀይ ጽሑፍ ሲዘረገፍ ብዙ ጀማሪ ዓይኑን ይጨፍናል። ፓይተን የሚያወጣው ትሬስባክ ግን የሚረዳችሁ ነገር ነው። የመጨረሻዋን መስመር መጀመሪያ አንብቡ፤ የስህተቱን ዓይነትና ምክንያት የምትናገረው እሷ ናት። ከዚያ ወደ ላይ ውጡና የራሳችሁ ፋይል ስም ያለበትን የመጀመሪያ ቦታ ፈልጉ። የመስመር ቁጥሩ እዚያ አለ።

መስመሩን አይታችሁ "ይሄማ ትክክል ነው" ካላችሁ፣ ከሱ በላይ አንድ መስመር ጨምራችሁ ወደ እሱ የሚገባውን ዋጋ ፕሪንት አድርጉት። ዓይነቱንም ጭምር። ቁጥር ነው ብላችሁ ያሰባችሁት ጽሑፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ኢንፑት ሁልጊዜ የሚመልሰው ጽሑፍ ነውና። አሁንም ካልተገኘ ጮክ ብላችሁ፣ መስመር በመስመር፣ ለሌላ ሰው እንደምታስረዱ ተናገሩ። ሰው ባይኖርም ችግር የለውም። "እዚህ ጋ ሊስቱ ሁለት ነገር ይኖረዋል" ብላችሁ ስትጀምሩ እርግጠኛ እንዳልሆናችሁ ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የመጨረሻዋን መስመር ውሰዱ፤ የራሳችሁን ፋይልና ቫሪያብል ስም ግን አውጡት።

ስለ ኤአይ ረዳቶችም እዚሁ ልናገር። ተጠቀሙባቸው፤ ነገር ግን በዚህ የመጀመሪያ ፕሮጀክት ላይ መጀመሪያ እናንተ ጻፉ፣ ከዚያ ጠይቁ። "ይህን ጻፍልኝ" ከማለት "ይህ ኮድ ለምን እንዲህ ሆነ?" ማለት ይሻላል። መስመር በመስመር ማስረዳት የማትችሉትን ኮድ ፋይላችሁ ውስጥ አታስቀሩ። አሁን እየገነባችሁ ያላችሁት የውሰት መዝገቡን ብቻ አይደለም፣ መወሰን የሚችለውን ጭንቅላታችሁንም ጭምር ነው።

እርምጃ 6፦ ጊትን ዛሬ ጀምሩ

ፎልደራችሁ ውስጥ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "እውነተኛው የመጨረሻ" የሚሉ ፋይሎች መከማቸት ከመጀመራቸው በፊት። ጊት የኮዳችሁን ለውጥ በየደረጃው የሚመዘግብ መሣሪያ ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 የሠራው ሊነክስ ለሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል (እምብርት) ልማት ነው። ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ለእናንተ ግን ለጊዜው አራት ትእዛዝ ይበቃል፦ ኢኒት (ለመጀመር)፣ አድ (የሚመዘገበውን ለመምረጥ)፣ ኮሚት (ለመመዝገብ)፣ ሎግ (ታሪኩን ለማየት)። አንድ ነገር ሠርቶ ባያችሁት ቁጥር ኮሚት አድርጉ፣ መልእክቱም ምን እንደተለወጠ ይናገር። "መመለስ የሚለው ምርጫ ተጨመረ" ጥሩ ነው፤ "ለውጥ" ምንም አይናገርም።

አንድ ጥንቃቄ። ኮዱን ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጋችሁ የምትጭኑት ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት የጄሰን ፋይሉን ጊትኢግኖር (ጊት የሚያልፋቸው ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ አስገቡ። እዚያ ውስጥ የወዳጆቻችሁ ስም አለ። የይለፍ ቃልም እንዲሁ ነው፤ አንዴ ኮሚት ከተደረገ በኋላ ፋይሉን ብትሰርዙትም ታሪኩ ውስጥ ይቀራል።

እርምጃ 7፦ ሲሠራ ከፋፍሉት፣ ከዚያ ፈትኑት

ፋይሉ ወደ መቶ መስመር ሲጠጋ ማንበብ ይከብዳል። ያኔ ወደ ፈንክሽኖች ክፈሉት። የምከተለው አንድ ሕግ አለ፦ የሚያሰላው ከሚጠይቀውና ከሚያሳየው ይለይ። ኢንፑትና ፕሪንት ያለበት ፈንክሽን ሂሳብ አይሥራ። ሂሳብ የሚሠራው ደግሞ ተቀብሎ ይመልስ እንጂ ስክሪን ላይ አይጻፍ።

መጽሐፉ ከተዋሰ ስንት ቀን እንደሆነው የሚነግር ፈንክሽን አስቡ። ብዙ ሰው የዛሬን ቀን ፈንክሽኑ ውስጥ ይጠራዋል። ያኔ መልሱ በየቀኑ ስለሚለወጥ መፈተን አይቻልም። ሁለቱንም ቀን ከውጭ ይቀበል፤ የተዋሰበትንና የዛሬን። አሁን ትፈትኑታላችሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከፌብሩዋሪ 28፣ 2023 እስከ ማርች 1፣ 2023 አንድ ቀን ነው። በ2024 ግን ሁለት ቀን መሆን አለበት፣ ፌብሩዋሪ 29 ነበረውና። አሰርት በሚለው ቃል፣ የተባለው እውነት ካልሆነ ፕሮግራሙን በስህተት በሚያቆመው፣ እነዚህን ሁለት ፍተሻዎች ጻፉ። ነገ ኮዱን ስትነካኩ ብታበላሹት ወዲያው ይነግራችኋል። ዩኒትቴስትና ፓይቴስት የሚባሉት መሣሪያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ ሰፋ አድርገው።

እርምጃ 8፦ ለሌላ ሰው ስጡትና ዝም በሉ

አንድ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና ፕሮግራሙን ይጠቀም። አታስረዱት። እጃችሁንም ከኪቦርዱ አርቁ። ስም ሳይጽፍ ኢንተር ይጫናል። ቁጥር ሲጠየቅ "ሁለት" ብሎ በፊደል ይጽፋል። "መውጣት" የሚለውን አያገኘውም። የሆነውን ሁሉ መዝግቡ። እናንተ መንገዱን ስለምታውቁት እነዚህን ብቻችሁን አታገኟቸውም። ከዚያ ሪድሚ የሚባል አጭር ፋይል ጻፉ፤ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚነሳ በአምስት መስመር።

እርምጃ 9፦ የሌላ ሰው ኮድ አንብቡ

ከትልቅ ፕሮጀክት አትጀምሩ፣ ትሰጥማላችሁ። የፓይተን የራሱ ላይብረሪ አብዛኛው የተጻፈው በፓይተን ነው፤ ኮምፒውተራችሁ ላይም ተቀምጧል። ራንደም የሚባለውን ሞጁል ክፈቱና ሻፍል የሚለውን ፈንክሽን ፈልጉ። ሊስትን የሚበውዘው ዋናው ሥራ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ከሊስቱ መጨረሻ ይነሳና ወደ ፊት እየመጣ እያንዳንዱን በዕጣ ከተመረጠ ቦታ ጋር ያቀያይራል። አራት ነገር ባለው ሊስት ወረቀት ላይ በእጃችሁ ተከተሉት። ስትጨርሱ በየቀኑ የምትጠሩት ፈንክሽን በሰው እጅ የተጻፈ፣ እናንተም ልትጽፉት የምትችሉት መሆኑን ታያላችሁ። ይህ ስሜት ለእኔ ከብዙ ትምህርት በላይ ጠቅሞኛል።

እርምጃ 10፦ አሁን መጽሐፍ ምረጡ

ሁለተኛ መጽሐፍ አትያዙ አላልኩም፤ ጥያቄ ሳትይዙ አትሂዱ ነው ያልኩት። አሁን ጥያቄ አላችሁ። "ባለፈው ዓመት ብዙ ጊዜ የተዋሰው የትኛው መጽሐፍ ነው?" ማለት ካማራችሁና ሉፑ ከተወሳሰበባችሁ፣ የምትፈልጉት ዳታቤዝ ነው። ኤስኪውላይትን ተማሩ፤ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፣ ሰርቨርም አይፈልግም። መዝገቡን በብራውዘር ማየት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ)፣ ከዚያ ፍላስክ (በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ)። ቁጥርና ግራፍ ከሳባችሁ ፓንዳስ የሚባለው የፓይተን የዳታ ላይብረሪ። የስልክ አፕ ከሆነ ሐሳባችሁ ለአንድሮይድ ኮትሊን፣ ለአይፎን ስዊፍት አለ። እነሱ ግን አዲስ ቋንቋ ናቸው፤ አንድ ፕሮጀክት ሳይጨርሱ ቋንቋ መቀየር ደግሞ ወደ ምዕራፍ አንድ መመለስ ነው።

ቀጣዩን ሥራ ስትመርጡ የማታውቁት ነገር አንድ ብቻ ይሁን። አዲስ ዳታቤዝ ከሆነ በምታውቁት ቋንቋ፣ በምታውቁት መዝገብ ላይ ሞክሩት። "በኋላ" ያላችሁትን ፋይል ክፈቱ። ካሉት ሐሳቦች ግማሹ አሁን አስፈላጊ አይመስላችሁም፤ ሰርዟቸው። ከቀሩት ውስጥ አንዱን ምረጡ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፣ ከዚያ እርምጃዎቹን በኮሜንት መደርደር ጀምሩ።